ከዕጣው በፊት ያለው ወንፊት፦ ለሞንጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

ሦስተኛ ክፍል ልጅ ያለው የካውንቲያችን ወላጅ ሁሉ ስለ ዕጣው ያወራል። ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል የተከፈቱት፣ እኛ «ሲኢኤስ» የምንላቸው የላቀ ትምህርት ማዕከላት ወንበራቸው ጥቂት ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ መስፈርቱን ካሟሉት ልጆች መካከል የሚገባው በዕጣ ሆኗል። የወጣለት ይደሰታል፣ ያልወጣለት ያዝናል፣ ስብሰባ ሲጠራም ሰዓቱ በዚሁ ክርክር ያልቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስማቸው ጭራሽ ዕጣ ውስጥ ያልገባ ልጆች ጉዳይ ነው። ከእነሱ መካከል ቤታቸው አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆች እንዳሉ በቅርብ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ የሚገባችሁን ምስጋና ላቅርብ። ቀድሞ ልጁ እንዲታይለት የሚፈልግ ወላጅ ራሱ ማመልከት ነበረበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት የምትተኛ የነርስ ረዳት፣ እንዲህ ያለ ማመልከቻ መኖሩን ከማን ትሰማ ነበር? በ2016 ሜቲስ የተባለው አጥኚ ድርጅት ለካውንቲው ባቀረበው ሪፖርት በሩ እንዲሰፋ ከመከረ በኋላ፣ ወላጅ አመለከተም አላመለከተም ልጆች ሁሉ እንዲታዩ አደረጋችሁ። የልጁ ውጤትም የተማሪዎቻቸው ኑሮ ከሚመሳሰል ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር እንዲነጻጸር ወሰናችሁ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ማንም ቢጮህባችሁ ወደኋላ እንዳትሉ እለምናለሁ።

ሁሉም ይታይ ማለት ግን በምን ይታይ የሚለውን አይመልስም። አሁን ወንፊቱ በዋናነት የሪፖርት ካርዱ የንባብ ውጤትና «ማፕ» የተባለው የንባብ ፈተና ነው፤ በፈተናው የተወሰነ ደረጃ ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ሁለቱም የሚለኩት በእንግሊዝኛ ነው። ከወረርሽኙ በፊት ከቃላት በተጨማሪ በቁጥርና በቅርጽ ማሰብን የሚፈትን «ኮግአት» የሚባል ፈተና ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ ቀረ፣ ዕጣው መጣ።

ማዕከላቱ በንባብና በጽሑፍ ላይ ስለሚያተኩሩ በንባብ መምረጣችን አያስደንቅም ትሉኝ ይሆናል። እውነት አለው። ሆኖም አንድ ነገር ላሳያችሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት ፊደል አስተምራለሁ። አንዲት በትምህርት ቤቷ ገና ከኢሶል፣ ማለትም የቤት ቋንቋቸው ሌላ ለሆነ ልጆች ከሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ያልወጣች ልጅ ካዕቡን ስንጽፍ እጇን ገታ አደረገችና፣ «በ ቡ ሲሆን፣ ለ ሉ ሲሆን፣ ጭራው በጎን ነው የሚወጣው፤ የሩ እና የፉ ለምን ከታች ሆነ?» አለችኝ። ቀጥላም ራሷ መልስ ፈለገች፦ ረ እና ፈ በጎናቸው ጭራ የሚቀጠልበት እግር የላቸውም አለች። ማንም አልነገራትም። ሕግ አወጣች፣ ከሕጉ የወጣውን አገኘች፣ ምክንያቱንም መረመረች። ስለ ቋንቋ ማሰብ ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? በማፕ ፈተና ላይ ግን ይህች ልጅ የማታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ይዟት ይቀራል።

ሌላም አለ። በእኛ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ቶሎ አይናገርም፤ አንገቱን የደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል። ክፍል ውስጥ ግን ጎበዝ መስሎ የሚታየው እጁን ቀድሞ የሚያወጣው ነው። አስተማሪ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያየው የሚታየውን ነው። ለዚህም ነው የአስተማሪ ግምት ብቻውን ሊበቃ የማይችለው።

የሌሎች ልምድ ይህን ያጠናክራል። በፍሎሪዳ ብራዋርድ ካውንቲ እስከ 2005 ድረስ ልጅ ለልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም የሚታጨው በአስተማሪ ወይም በወላጅ ጥቆማ ነበር። ከዚያ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ቃል በሌለበት፣ በቅርጽ ብቻ በሚሠራ ፈተና እንዲለዩ ተደረገ። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለፕሮግራሙ የበቁት የጥቁርና የሂስፓኒክ ልጆች ቁጥር በእጅጉ መጨመሩን አሳዩ። መስፈርቱ አልቀለለም። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፤ የጠቆማቸው ግን አልነበረም። በኋላ በጀት ሲያጥር ፈተናው ቀረ፣ የተገኘው ለውጥም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ቃል የማይጠይቅ ፈተና መልሱ፤ በእሱ ጥሩ ያመጣ ልጅ የእንግሊዝኛ ንባቡ ገና ቢሆንም እንኳ ወደ ዕጣው ይግባ። ኢሶል ውስጥ ያለ ልጅ ሲመዘን ኢሶልን የሚያውቅ አስተማሪ ይኑርበት። የማውቃቸው ወላጆች ልጃቸው ኢሶል ገብቶ ወደኋላ ይቀራል ብለው ስለሚፈሩ፣ በምዝገባ ቅጹ ላይ የቤታቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብለው ይሞላሉ። ይህ ፍርሃት የሚጠፋው ኢሶል ውስጥ ሆኖ ለማዕከላቱ የተመረጠ ልጅ በዓይናቸው ሲያዩ ነው።

ቁጥሩንም አውጡልን። የሜሪላንድ ደንብ በየትምህርት ቤቱ ጉልህ ቁጥር ያላቸው፣ በካውንቲ ደረጃ ደግሞ ቢያንስ 10 በመቶ ተማሪዎች ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ተብለው እንዲለዩ ያዝዛል። ልጆቻችን በእናንተ ሰንጠረዥ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ስለሚጠቃለሉ፣ የእኛዎቹ ተለይተዋል ወይስ አልተለዩም የሚለውን ከዚያ ማወቅ አይቻልም። የቤት ቋንቋን ትመዘግባላችሁ። በቋንቋ ለይታችሁ፣ የማንም ልጅ ማንነት ሳይገለጥ፣ ስንቱ ዕጣ ውስጥ እንደገባና ስንቱ ወንበር እንዳገኘ በየዓመቱ ንገሩን።

ዕጣ ላልወጣላቸው ልጆች በሰፈር ትምህርት ቤታቸው የዳበረ የንባብ ትምህርት እንደሚሰጥ ተነግሮናል። በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በሠለጠነ አስተማሪ ነው ወይ? ይህንንም እንጠይቃለን።

ቢሮአችሁ ሌሎች ማስታወቂያዎችን በአማርኛ ያወጣል። የዚህን ደብዳቤ መልስም በአማርኛ አውጡልን፤ ሠራተኛ ወላጅ መምጣት በሚችልበት በእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ጥሩ። አዳራሽ የሚሰጡ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች አሉን፤ ወላጆችን መጥራት የእኛ ድርሻ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ወላጅ