ኬሞ ከመጀመሩ በፊት አፍ ይታይ!



የደም ካንሰር ሕክምና ሲጀመር የደም፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አፍ ነው። «ጥርሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ካንሰሩ» ይባላል። እኔ ግን የጥርስ ምርመራ ከደም ምርመራው እኩል መታዘዝ አለበት ባይ ነኝ።

ለምን? ኬሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም። ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ጤነኛ ሴሎችንም ይጎዳል፤ የአፍ ውስጠኛ ሽፋንና መቅኔ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አፍ በሚቆስልበት ሰሞን ነጭ የደም ሴሎችም ይወርዳሉ። በደህናው ጊዜ የማይጎዱን የአፍ ባክቴሪያዎች በቁስሉ ወይም በታመመ ድድ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

አሁን የጉደርን ሕመምተኛ አስቡ። ኬሞውን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ወስዶ 125 ኪ.ሜ. ያህል ተጉዞ ቤቱ ይገባል። ነጭ የደም ሴሎች በአብዛኛው በጣም የሚያንሱት ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነው፤ ማለትም ከሐኪሙ ርቆ ሳለ። የተበላሸው ጥርስ ያኔ ቢያብጥ መንቀሉም ያስፈራል፤ ፕሌትሌት ስለሚወርድ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። መነቀል ያለበት ጥርስ ቢቻል ከኬሞው 2 ሳምንት ቀድሞ ይነቀል። አጣዳፊ ሉኪሚያ ይህን ያህል ጊዜ ላይሰጥ ይችላል፤ አፍን ለማየት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ቤት ውስጥስ?

✅ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ መቦረሽ። መፋቂያ ድድ ስለሚያቆስል ለጊዜው ይቅር።

✅ 1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥ፤ አይዋጥም።

❌ ለጥርስ ሕመም አረቄ አትያዙ። አፍ ከቆሰለ በርበሬና ሚጥሚጣም ይቅር።

🚨 ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያድንም። «ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አትበሉ። ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ፤ አምቦ ከጉደር 12 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ገና በር ላይ «ኬሞ ላይ ነው» ብላችሁ ተናገሩ፤ አንቲባዮቲኩ በፍጥነት መጀመር አለበት።

ቤተሰብ ሆይ፣ ሐኪሙ ባያነሳው እናንተ አንሱት፦ «ዶክተር፣ ጥርሱንስ ማን ይየው?» በሉ።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ።