የኪስ ካሜራ ወይስ ሩቅ አቅራቢ ካሜራ?

ካሜራ ለመግዛት የተነሣ ሰው ከሱቅ መስኮት ፊት ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው ቁጥር ነው። በአንዱ ካሜራ ላይ 30፣ በሌላው ላይ 40፣ በሦስተኛው ላይ 83 የሚል ጽሑፍ ይታያል። ሻጩም ቁጥሩ በበለጠ መጠን ካሜራው የተሻለ መሆኑን ለማስረዳት አይታክትም። ገዢው ግን ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ፎቶግራፍ የሚነሣው ነገር ምን ያህል ርቆ ይገኛል? የሚነሣውስ በምን ዓይነት ብርሃን ነው? የሚል ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነበር። ልምድ ያላቸው ሰዎች «ትንሹን ግዛ፤ ትልቁን ከቤት ትተኸው ትሄዳለህ» ይሉ ነበር። ምክሩ በጊዜው እውነትነት ነበረው። ካሜራ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ ፎቶግራፍ ሊያነሣ አይችልምና። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ገበያ የተሠራጩት ዲጂታል ካሜራዎች ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2019 ግን ቁጥራቸው ወደ 15 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ከጉድለቱ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የኪስ ካሜራ ነው። ሰው ፎቶግራፍ ማንሣቱን አልተወም፤ እንዲያውም አብዝቶታል። የሚያነሣው ግን በስልኩ ሆነ። ስለዚህ የኪስ ካሜራ ይመካበት የነበረው ዋና ነገር፣ ማለትም ሁልጊዜ ከሰው ጋር መገኘቱ፣ ዛሬ በስልክ ተወስዷል።

እንግዲህ ሰው ከስልኩ ሌላ ሁለተኛ ዕቃ ገዝቶ የሚሸከም ከሆነ፣ ያ ዕቃ ስልኩ የማይሠራውን ሥራ መሥራት አለበት። ያለዚያ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነው። ስልክን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ደግሞ ሩቅ ነገር ነው።

ይህን በጉልህ ለማየት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ የቆመን ጎብኚ ማሰብ ይበቃል። ከፊቱ በ100 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ ያያል። የቀበሮው ቁመና፣ ጭራውን ሳይጨምር፣ አንድ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው የሶኒ አርኤክስ 100 የኪስ ካሜራ፣ 240 ግራም ብቻ የሚመዝንና በዓይነቱ እጅግ የተመሰገነ ካሜራ ሲሆን፣ በድሮው የፊልም ካሜራ መለኪያ ሲሰላ ሌንሱ እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ልክ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የምስሉ ስፋት 36 ሜትር የሚሆን ሜዳ ይይዛል። ቀበሮው ታዲያ ከምስሉ ወርድ አንድ ሠላሳ ስድስተኛውን ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ምስሉን ኋላ ቆርጦ ለማጉላት ቢሞከርም ከቀበሮው ርዝመት የሚገኙት የምስል ነጥቦች 150 ያህል ብቻ ናቸው፤ ይህም ጆሮውን ከጭራው ለመለየት ይበቃ እንደሆነ እንጂ ዓይኑን አያሳይም። በስልክ ዋና ሌንስ ከሆነማ ቀበሮው በሰፊው ሜዳ ላይ የወደቀ ቀይ ጠጠር ይመስላል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኒኮን ኩልፒክስ ፒ 900 በዚሁ መለኪያ ከ24 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በረጅሙ ልክ፣ በ100 ሜትር ርቀት የምስሉ ስፋት 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያው ቀበሮ ያለ አንዳች መቁረጥ የምስሉን ከግማሽ በላይ ይሞላል። በነጥብ ሲቆጠር ከ2,500 በላይ ይሆናል። የጺሙ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ ዋጋው ክብደት ነው፤ ካሜራው 900 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በኪስም አይገባም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ «እንግዲያው ጎብኚው ለምን ጠጋ አይልም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም መልሱ ከካሜራ ጉዳይ ይሰፋል። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይገኛሉ። ቀበሮው የሚያድነው በቀን ነው፤ ወደ ፍልፈሉ ጉድጓድ በሆዱ ተለጥጦ፣ እያደባ ይጠጋል። በዚያች ሰዓት የሚራመድ ሰው ምግቡን ከአፉ እንደነጠቀው ይቆጠራል። ሩቅ አቅራቢ ካሜራ ለተመልካቹ ብቻ ሳይሆን ለሚታየውም እንስሳ ይጠቅማል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። 83 እጥፍ ማለት ካሜራው ከሰው ዓይን 83 ጊዜ አጉልቶ ያያል ማለት አይደለም። የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርቀት ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው፤ 2,000 ለ24 ሲካፈል 83 ይሆናልና። ስለዚህ ሁለት ካሜራዎች እኩል 30 እጥፍ ተብለው፣ አንዱ ከሰፊ ሌላው ከጠባብ ስለሚነሡ መድረሻቸው ሊለያይ ይችላል። «ዲጂታል ዙም» የሚባለው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፤ ምስሉን ቆርጦ ከመለጠጥ በቀር አዲስ ነገር አይጨምርም። ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ የሚነግር ሻጭ ቢኖር ገዢው ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ቢያልፍ ይሻለዋል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደወጣው እንደ ካነን ፓወርሾት ኤስኤክስ 740 ያሉት 300 ግራም ያህል እየመዘኑ እስከ 960 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። በወረቀት ላይ ሲታዩ ክርክሩን የሚፈቱ ይመስላሉ። ሆኖም ይህ ካሜራ ዓይንን ገጥመው የሚያዩበት መመልከቻ የለውም። በሳነቴ የቀትር ፀሐይ የጀርባው መስታወት ከማንጸባረቁ የተነሣ ቀበሮውን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። ከዚህም በላይ ክንድን ዘርግቶ የያዙት ካሜራ፣ ከግንባር ጋር ከተደገፈው ይልቅ ይንቀጠቀጣል፤ በረጅም ልክ ላይ ደግሞ የጣት ቅንጣት መንቀጥቀጥ ምስሉን ያደበዝዛል። የትልቁ ካሜራ ግዝፈት ሁሉ ትርፍ ሸክም አይደለም፤ ከፊሉ የእጅ መያዣና የዓይን መደገፊያ ነው።

ለትልቁ የሚከራከር ሰው ግን የጎደለውንም መናገር ይኖርበታል። ከሳነቴ ቁልቁል ሲወረድ የሐረና ደን ይገኛል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው እዚያ፣ ቀርከሃው ውስጥ ነው። በጥላው ሥር ብርሃን ጥቂት ነው። የፒ 900 ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የአርኤክስ 100 ግን 116 ይሆናል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ልዩነት ደምረን ስናሰላው፣ ሁለቱም በሰፊው ልካቸው ሳሉ ትንሹ ካሜራ አሥር እጅ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ትልቁ ወደ ረጅሙ ልኩ ሲዘረጋ ቀዳዳው ይበልጥ ስለሚጠብ ነገሩ ይከፋበታል። በደን ውስጥ፣ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን በሚደረግ ሠርግ ላይ ትንሹ ጌታ ነው። ትልቁ የሚሰጠው ሻካራና የደበዘዘ ምስል ነው።

ርቀትም ቢሆን ወሰን አለው። ቀን ሲሞቅ ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር እንደ ውሃ ይርገበገባል። ይህን ሌንስ አያስተካክለውም፤ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና እስከ 3,000 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው የኒኮን ፒ 1000 ክብደቱ 1,400 ግራም ገደማ ነው፤ ከፒ 900 ላይ የጨመረውን ርቀት በቀትር ሜዳ ላይ ለሚያነሣ ሰው ከድካሙ የሚመጣጠን ጥቅም አይሰጥም።

ደግሞም እንስሳ ሁሉ አይሸሽም። በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ከጎብኚው ጥቂት እርምጃ ርቀው ያልፋሉ፤ እነርሱን በስልክም ማንሣት ይቻላል። በዚያው ተራራ ገደል ላይ የቆመው ዋልያ ግን በኪስ ካሜራ ሲነሣ ከድንጋዩ አይለይም።

ሩቅ አቅራቢው ካሜራ አላግባብ የሚሠራበት ቦታ ደግሞ በሰው ዘንድ ነው። ገበያ ማዶ ቆሞ፣ ሳያውቁት የአንዲትን እናት ፊት በ2,000 ሚሊ ሜትር ሌንስ መውሰድ ለቀበሮው ከሚደረገው ጥንቃቄ ጋር አንድ አይደለም። ቀበሮን መራቅ ማክበር ነው፤ ሰውን ግን ቀርቦ «እንደምን ዋሉ» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ነው ማክበር። ትንሹ ካሜራ፣ ወደደም ጠላም፣ ባለቤቱን ወደ ሰው እንዲቀርብ ያስገድደዋል። ይህ በማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

አሁን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አለ እንበል። አባላቱ ካዋጡት ገንዘብ ሊገዙ የሚችሉት አንድ ካሜራ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱን በዓል፣ የሽልማቱን ቀን፣ የስፖርቱን ውድድር ከመምህራኑ መካከል አንዱ በስልኩ ያነሣዋል፤ ማንም አይጎዳም። ከሐይቅ ዳር የሚያርፈውን ወፍ ግን ማንም አያነሣውም። ወፉ ካልተነሣ ደግሞ ዓይነቱን ከመጽሐፍ ጋር አስተያይቶ መለየት፣ በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ለእንዲህ ያለው ክበብ ትልቁ ይሻላል። ክብደቱ የሚፈራው በአንድ ሰው ትከሻ ሲታሰብ ነው፤ ሠላሳ ልጆች በየተራ ሲይዙት ሸክም አይባልም። ልጅ ወልዶ የልደት ቀኑን፣ የክርስትናውንና የምሽት ሳቁን ማስቀረት ለሚፈልግ አባት ግን ይህ ፍርድ አይሠራም፤ እርሱ በስልኩ ካልረካ ሰፊ ብርሃን ተቀባይ ያለውን የኪስ ካሜራ ይግዛ።

የሚገዛው ትልቁ ከሆነ፣ ገዢው ካሜራውን ከሱቁ ደጃፍ አውጥቶ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታርጋ ወይም ሰሌዳ በመመልከቻው በኩል ይፈልግ። በሰፊው ልክ አግኝቶ ቀስ እያለ ያቅርብ እንጂ በረጅሙ አይጀምር፤ በረጅሙ የጀመረ ሰው ሰማይና ግድግዳ ሲያስስ ይውላል። ካቀረበ በኋላ እጁ ሲንቀጠቀጥ ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ ይይ። ባለ ሦስት እግር መቆሚያና አንድ ትርፍ ባትሪ የሚገዛበት ገንዘብም ከካሜራው ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታሰብ፤ በብርዳማው በሳነቴ አምባ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ በአካባቢውም የሚሞላበት ቦታ አይገኝም።