ሞራው «እስኪበስል» ለምን እንጠብቃለን?

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይን ሕክምና ከሚመጡ አረጋውያን ብዙዎቹ ብቻቸውን አይመጡም። የዱላቸውን ጫፍ ይዞ የሚመራ የልጅ ልጅ አብሯቸው አለ። ልጁ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት። ለምን እንደዘገዩ ሲጠየቁም «ሞራው ገና አልበሰለም ተባልኩ» የሚል መልስ ይሰጣሉ።

ይህ አባባል ዛሬ ብዙ ዓይን እያጠፋ ነው።

የዓይን ሞራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከላይ የበቀለ ስስ ቆዳ አይደለም። ከዓይናችን ብሌን ጀርባ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ የተፈጥሮ ሌንስ አለ። የእንቁላል ነጩ ክፍል እሳት ሲነካው እንደሚደፈርሰው ሁሉ ይህም ሌንስ በዕድሜ፣ በስኳር ሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት ይደፈርሳል። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዙ ለወራት የሚጨመሩ ስቴሮይድ ያለባቸው የዓይን ጠብታዎችም ሞራ ያመጣሉ፤ ግላኮማንም እንዲሁ።

«ይብሰል» የሚለው ምክር መነሻ ነበረው። ቀደም ባለው ዘመን የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ የሚገባ ነገር ስላልነበረ ሕመምተኛው ቀሪ ዘመኑን ወፍራም መነጽር አድርጎ ይኖር ነበር። ስለዚህ ዓይኑ ፈጽሞ እስኪጋረድ መጠበቁ ትርጉም ነበረው። ይህን የለወጠው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲመረምር፣ ዓይን ያንን ፕላስቲክ እንደ ባዕድ ነገር ተቆጥቶ እንደማይገፋው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አኖረ። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ውድ ሆኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከጎረቤታችን አስመራ ጭምር ርካሽ ሌንስ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ ዋጋው በእጅጉ ወረደ።

ዛሬ ሕመምተኛው ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል። በትንሽ ቅድ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና አዲሱ በቦታው ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ዓይን ከቦታው አይወጣም፤ ይህን ፍርሃት ከብዙ እናቶች አንደበት ስለምንሰማ ደግመን እንናገረዋለን። ሌንሱም አንዴ ከገባ እንደ ጥርስ አይቀየርም፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

መዘግየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ ስለሚጠነክር ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። አንዳንዴም አብጦ የዓይን ግፊትን ይጨምርና የዕይታ ነርቭን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሌንስ ብርሃን አይመልስም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት ለዚህ የበቁት በሞራ ነው። መዳን በሚችል ሕመም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ነፃ የቀዶ ሕክምና ዘመቻዎች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ዘመቻዎቹ ለብዙዎች ብርሃን መልሰዋል፤ ይመስገኑ። ነገር ግን «ዘመቻው ሲመጣ» እያለ ዓመት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። የሆስፒታሎቻችን መደበኛ አገልግሎት ሌንስ፣ ጠብታና ባለሙያ ሳይጓደልበት ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ፣ አረጋውያኑ ቀን ቆጥረው አይቀመጡም ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የታዘዘውን ጠብታ ሳያቋርጡ መጨመር፣ ዓይንን አለማሸት፣ ከባድ ነገር አለማንሳት ያስፈልጋል። ለጠበልም ሆነ ለውዱእ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ውኃ ዓይን ውስጥ አይግባ። የምድጃ ጭስም ይራቅ። ሕመም፣ መቅላት ወይም የዕይታ መቀነስ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይመለሱ። ለማንበብ መነጽር ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዳግም ብዥ ካለ ደግሞ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ማለት አይደለም፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ሊሆን ስለሚችል በሌዘር ይከፈታል።

መነጽር ለመገላገል ሌንስ ማስገባት የሚፈልጉ ወጣቶችም ይጠይቁናል። ይህ የተፈጥሮ ሌንስ ሳይወጣ ከፊቱ ተጨማሪ የሚቀመጥበት ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለከፍተኛ የቅርብ ዕይታ ችግር ሊጠቅም ቢችልም የራሱ አደጋ አለው። መነጽር ለሚበቃው ሰው አንመክርም።

ቤት ውስጥ አረጋዊ ካሉ ዛሬ አንዱን ዓይናቸውን በእጅ ሸፍነው፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቀው ጣት ያስቆጥሯቸው። ከዚያም ሌላውን። መቁጠር ካቃታቸው በዚህ ሳምንት ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። የሕፃን ልጅ ብሌን ነጥቶ ከታየ ግን ሳምንትም አይጠበቅ።