ጭንቀትና አባዜ ሕመም እንጂ ነውር አይደሉም

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ አባባል ስለ ወባ ወይም ስለ ጨጓራ ሲነገር ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንቀበለዋለን። ወባ የያዘውን ተማሪ ጓደኞቹ ብርድ ልብስ ደርበው ወደ ክሊኒክ ይወስዱታል፤ ማንም አያፍርበትም። ነገር ግን ያው ተማሪ ያለ ምክንያት ልቡ እየመታ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ዓይኑ ሳይከደን ቢያድር፤ ወይም ቆዳው እስኪሰነጠቅ ድረስ እጁን እየታጠበ ከቧንቧው አልላቀቅ ቢል፣ የሚሰጠው ስም ሌላ ነው። «ፈሪ» ወይም «ነካ ያደረገው» ይባላል። እርሱም ይህን ስለሚያውቅ ይደብቃል። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ከእኛ ጋር በአንድ መኝታ ቤት የሚያድር ወንድም ወይም እኅት የሚደበቅበትን ምክንያት ማንሣት የሐኪም ሥራ ብቻ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ነገሩን ለይተን እንወቅ። ፍርሃት በራሱ በሽታ አይደለም። ለፈተና የማይሰጋ ተማሪ ወይ እጅግ ጎበዝ ነው፤ ወይ ደብተሩን ገልጦ አያውቅም። ሥጋት ሕመም የሚሆነው ከምክንያቱ ሲበልጥ፣ ምክንያቱ ካለፈም በኋላ አልለቅ ሲል፣ ሰውየውን ከትምህርቱ፣ ከእንቅልፉና ከሰው መካከል ሲያወጣው ነው። መልኩም ብዙ ነው። አንዱ ስለ ሁሉም ነገር ለወራት ይብሰለሰላል፤ ሌላው በሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራው መልሱን እያወቀ እጁን አያነሣም፤ ሦስተኛውን ደግሞ ድንገት የሚሞት የሚያስመስል ድንጋጤ ይይዘውና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለቀዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በጭንቀት ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች 301 ሚሊዮን ነበሩ።

አባዜ የዚህ ዘመድ ቢሆንም የራሱ ጠባይ አለው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የሕመሞች መዘርዝር ከጭንቀት ሕመሞች ለይቶ ለብቻው መድቦታል። አባዜ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ «እጄ ተበክሎ ይሆን? በሩን አልዘጋሁት ይሆን? የምወደውን ሰው ብጎዳስ?» የሚል። ሁለተኛው ያን ሐሳብ ጸጥ ለማሰኘት የሚደረግ ድርጊት ነው፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ ተመልሶ ማየት፣ ሰውን ደጋግሞ መጠየቅ። «ገብቶኝ ይሆን?» እያለ አንዱን ገጽ ሃያ ጊዜ የሚያነበው ተማሪ፣ የበሽታ ምልክት በስልኩ ሲፈልግ የሚያነጋውም ከዚሁ ወገን ሊሆን ይችላል። ድርጊቱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ወጥመዱም ያ ዕረፍት ነው። አእምሮ «የዳንኩት ስለ ታጠብኩ ነው» ብሎ ይማራልና በሚቀጥለው ጊዜ አንድ መታጠብ አይበቃውም። የጨው ውኃ ለጥማት እንደ መጠጣት ነው።

መነሻው ምንድር ነው? አንድ ብቻ ምክንያት የለውም። ከቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ በአእምሮ ውስጥ ስሕተትንና አደጋን የሚጠቁሙት ክፍሎች ማስጠንቀቂያቸውን አላቋርጥ ማለታቸው አለ፤ በሕይወት የሚደርስ ከባድ ጫናም ይጨመርበታል። ከሁሉ ይልቅ ሊያስገርመን የሚገባው ግን ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት ነው። ጤነኞችን ቢጠይቋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ክፉና የማይፈለግ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። እንግዲህ ልዩነቱ በሐሳቡ መምጣት አይደለም። ጤነኛው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ብሎ ያልፈዋል፤ ሕመምተኛው ግን ሐሳቡን እንደ ኃጢአት ወይም እንደ ትንቢት ቆጥሮ ሲታገለው ይውላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ አባቶቻችን በረኃብና በጦርነት መካከል ለዚህ ጊዜ አልነበራቸውም» የሚል ነው። ታዲያ ጭንቀት፣ ሥጋት፣ ድብርት፣ አባዜ የሚሉትን ቃላት ማን አመጣቸው? የፈረንጅ መጽሐፍ ሳይገባ ቋንቋችን ስም ያወጣለት ነገር በአገራችን አልነበረም ማለት አይቻልም። አባቶቻችን ጊዜ አላጡም፤ ያጡት ሐኪም ነው።

ሁለተኛው «ይህ የእምነት ጉድለት ነው» የሚለው ነው። በእግዚአብሔር ላይ የስድብ ሐሳብ እየመጣበት የሚሠቃየው ሰው ግን የሚሠቃየው እምነቱን ስለሚያከብር ነው፤ ለማያምን ሰው ያ ሐሳብ ምኑም አይደለም። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን በንያን እ.ኤ.አ. በ1666 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ በእንዲህ ያለ ሐሳብ ምን ያህል እንደ ተሠቃየ ጽፏል፤ እምነት የለሽ ነበር የሚለው ማንም የለም። ጠበልና መድኃኒትም ጠላቶች አይደሉም። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። ለዚያ ሕመም የተፈቀደው ለዚህ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቡና ሐኪም በለንደን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ጽሑፍ የሁለት ሕመምተኞችን ነገር ይተርካል። ሕክምናው የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ የለመዱትን ማስተስረያ ድርጊት ግን መከልከል ነበር። ፍርሃቱ በመጀመሪያ ከፍ አለ፤ ሳይታጠቡም ሳይደጋግሙም ቢቆዩ ግን እየዋለ እያደረ ቀለለላቸው። ዛሬ ይኸው መንገድ ሕመምተኛው እየተስማማ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ ይሠራበታል፤ ለአባዜ ከታወቁት የንግግር ሕክምናዎችም ቀዳሚው ነው። ለሌሎቹ የጭንቀት ሕመሞችም የሚፈሩትን በዘዴ መጋፈጥ ዋና መድኃኒት ነው። ከዚህም ሌላ እንደ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ለአባዜ ሲታዘዙ ሥራቸው እስኪታይ እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጓደኛ ኪስ የሚወሰዱ አይደሉም፤ በድንገትም አይቋረጡም።

የእኛስ ድርሻ? ፌዝ መጉዳቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ነገር ግን ደግነታችንም ሊጎዳ እንደሚችል ብዙዎቻችን አናስተውልም። ጓደኛችን «በሩ ተዘግቷል?» ብሎ አሥር ጊዜ ሲጠይቀን አሥር ጊዜ «አዎን፣ ተዘግቷል» ብንለው፣ አባዜውን አበላነው እንጂ ጓደኛችንን አልረዳነውም። የሚሻለው ልቡ ጸጥ ባለበት ሰዓት አብሮ ተስማምቶ፣ ጥያቄው ሲመጣ «ከባድ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እስኪያልፍልህ አብሬህ እቀመጣለሁ፤ መልሱን ግን አልደግምልህም» ማለት ነው። ለሚጨነቅም ጓደኛ «ለጥናት ይረዳሃል» ብሎ ጫት ማቅረብ ወዳጅነት አይደለም፤ ጫት ልብን የሚያስመታ፣ እንቅልፍን የሚያባርር ነገር ነውና በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችንም ስለ ምግቡና ስለ መኝታው የሚከራከረውን ያህል ለዚህ ይከራከር። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ተማሪ በር ዘግቶ፣ ስሙ ሳይወጣበት የሚነጋገርበት አንድ ክፍልና በሙያው የሠለጠነ አንድ አማካሪ፤ ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው መግለጫ ውስጥ ስለዚህ ሕመም የሚነገርበት ግማሽ ሰዓት። የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም መሳደቢያ ማድረጋችንን መተው ደግሞ በጀትም ፈቃድም አያስፈልገውም። ሰው በሚሰደብበት ስም ወደሚጠራ ቦታ መታከም እንዴት ይደፍራል?

አበው የበሽታውን መደበቅ በበሽተኛው ላይ አሳብበዋል። እኔ ግን አስደባቂውንም እጨምራለሁ፤ በየመኝታ ቤቱ ያ አስደባቂ እኛ ነን።