ዝም ብሎ የሚያጠናው ልጅ

ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ኢንግልዉድ ውስጥ ክርስትናም ይሁን ምርቃት ወይም ለቅሶ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ ገና በስድስት ዓመቱ «ዶክተርዬ» የሚባል ልጅ አይጠፋም። አንገቱን ደፍቶ ያጠናል። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጣልቃ አይገባም። እንዴት እንደሆነ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። «እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ» ይባልለታል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ልጅ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ ከጓደኞቹ ይልቅ የሚያሰጋው እሱ ሆኖ ሳለ፣ «ለእሱስ አናስብም» ብለን የምንተወውም እሱን ስለሆነ ነው።

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ሬይዳር ቲሰንና ባልደረቦቹ በመላ ሀገሪቱ ያሉ የሕክምና ተማሪዎችን ለስድስት ዓመታት ተከታትለው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ሁለት ጠባዮች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ ከትምህርት ቤት ጭንቀት ጋር ተያይዘው ተገኙ። አንደኛው ቶሎ መስጋት ነው፤ ይህ ማንንም አያስገርምም። ሁለተኛው ግን ጥንቁቅነት ነው፤ ሥራን በሰዓቱ መጨረስ፣ ምንም ነገር ሳያጣሩ አለማለፍ። ሁለቱ ተጣምረው በዚያ ላይ ዝምተኝነት ሲታከልበት፣ ነገሩን በሆዱ ይዞ የሚብሰለሰለው ተማሪ ይመጣል። ከሁሉ ይበልጥ ለጭንቀት የተጋለጠው እሱ ነበር። ተጫዋች የሆነውና «ይሄ ገጽ ቢቀርም አልሞትም» የሚለው ደግሞ ሸክሙ ቀሎት ታይቷል።

ወላጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ልጄ ሰነፍ ይሁን?» ቢል አልፈርድበትም። ፊሊፕ ሊቨንስና ባልደረቦቹ ቤልጂየም ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ጥንቁቅነት ለውጤት ያለው ጥቅም ዓመቱ በጨመረ ቁጥር እየጎላ እንደሚሄድ አሳይተዋል። እንግዲህ ማርኩን የሚያመጣለትም እንቅልፉን የሚነሳውም አንዱ ጠባይ ነው። እንዴት ቢባል፣ ይህ ልጅ እስከ ኮሌጅ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ጨርሶ ነው የተኛው። ሕክምና ላይ ግን የሚያልቅ ነገር የለም። አናቶሚው ሳያልቅ ፊዚዮሎጂው ይደርሳል፤ እሱ ሳይያዝ ፋርማኮሎጂው ይቆለላል። ጨርሶ መተኛት የለመደ ሰው መጨረስ ወደማይቻልበት ቤት ሲገባ፣ ከሥራው ብዛት ይልቅ ራሱን መውቀስ ይጀምራል። ቀለል ያለው ጓደኛው በዚያው ሰዓት ተኝቷል።

ሼልደን ኮኸንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት መጠይቅ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ለዚህ ይመስለኛል። ስንት ፈተና እንዳለብህ አይቆጥርም። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ነገሮች ከእጅህ እየወጡ ሲመስልህ፣ ችግር ተደራርቦ ከአቅምህ በላይ ሲሆንብህ፣ ወይም በተቃራኒው የራስህን ጉዳይ እንደምትወጣው ስትተማመን ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። በአሥር ጥያቄው መጠይቅ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ፈተና የሚፈተኑ ሁለት ልጆች ውጤታቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። «ጠባዩ ነው» ማለት በጣም ምቹ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ «አልቻለም» ይላል፤ እኛ «ድሮም ጭምት ነው» እንላለን፤ ልጁ መሀል ላይ ይቀራል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ሕክምና ለመጀመር የተመዘገቡ ተማሪዎች በዕድሜ ከሚመስሏቸው የኮሌጅ ምሩቃን ያነሰ ድባቴና መታከት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሲገቡ ጠንካሮች ናቸው ማለት ነው። ከገቡ በኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው የ43 ሀገሮች ጥናቶች ስብስብ ከመቶው 27 ያህሉ የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው፣ ከመቶው 11 ያህሉ ደግሞ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ይናገራል። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ እርዳታ የፈለጉት ከመቶው 16 እንኳ አልሞሉም። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ሀገር ቤትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ፣ ከመቶው 52 ያህሉ፣ ጭንቀት እንዳለባቸው አግኝቷል። ጭንቀቱ ከጫት ጋር ተያይዟል፤ ውጤትም ዝቅ ከማለት ጋር። ጅማ፣ ጎንደር ወይም ጥቁር አንበሳ የሚማር ልጅ ቢያንስ ዶርም አለው፤ ዝምተኛውም ቢሆን ሳይወድ በግድ ከሰው ጋር ይበላል፣ ከሰው ጋር ያጠናል። ዶርም ብቻውን እንደማያድን ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። የኛ ልጅ ግን ያም የለውም። ትምህርቱን በቪዲዮ ያያል፣ በሩን ዘግቶ ያጠናል፣ ራቱ በር ላይ ይደርስለታል።

አሁን ደግሞ ከቤት እየተመላለሱ ሕክምና መማር ቅርብ ሆኗል። ከኛ ሰፈር በ105 አውራ ጎዳና ጥቂት ማይል ወደ ምሥራቅ፣ ዊሎብሩክ ላይ ያለው የቻርልስ ድሩ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከተነሣው የዋትስ ዐመፅ ማግሥት፣ በ1966 የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 60 ተማሪዎችን ተቀብሎ የራሱን የሐኪም ማሠልጠኛ ጀምሯል። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ቦታ ሲገቡ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ከቤት የሚመላለስ ልጅ ግን የቤቱንም ሸክም አብሮ ይሸከማል። የአባቱን የኢንሹራንስ ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነው፤ እናቱን ሐኪም ዘንድ ወስዶ የሚያስተረጉምላትም እሱ። ወላጆቹ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወጥ ቤት ቆመው፣ ኤርፖርት ሻንጣ ገፍተው፣ በየአረጋውያን መጦሪያው ሌሊት አድረው እንዳሳደጉት ያውቃል። ጥንቁቅነቱ ግማሹ ፍቅር ነው፤ ልፋታቸው ከንቱ እንዳይቀር የሚፈራ ፍቅር። ስለዚህ «ለፍተን ነው ያሳደግንህ» የምትለውን ቃል እባካችሁ ለእሱ አትድገሙለት። ከናንተ በላይ ያስታውሳታል።

ትምህርት ቤቶችም ሲፈልጉ መለወጥ ይችላሉ። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማርክ በ«አለፈ» እና «ወደቀ» ብቻ እንዲሆን አድርጎ፣ የክፍል ሰዓቱንም ቀንሶ፣ ተማሪዎችን በአነስተኛ ማኅበረሰብ አደራጀ። የተማሪዎቹ ድባቴና ጭንቀት እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቋል። የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያው ደረጃ፣ ስቴፕ ዋንም፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በነጥብ መመዘኑ ቀርቶ «አለፈ፣ ወደቀ» ሆኗል። ጭንቀቱ ወደ ቀጣዩ ፈተና፣ ወደ ስቴፕ ቱ፣ ዞረ የሚሉ ተማሪዎች አሉ፤ እውነት አላቸው፤ ቢሆንም ሊለወጥ የሚችል ነገር መሆኑ ታይቷል።

ከኛ የሚጠበቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። «ስንት አገኘህ?» ከማለት «ትናንት ለስንት ሰዓት ያህል ተኛህ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱ «ለሦስት ሰዓት» ከሆነ መጽሐፉን አብረነው እንዝጋ። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር የሐኪምነት ፈቃድ ያሳጣኛል ብሎ የሚሰጋ ተማሪ ብዙ ነው፤ ስጋቱን በዝምታ ከመሸከም ይልቅ ከትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገርበት እናበረታታው። ሌሊት ክፉ ሐሳብ የመጣበትም 988 ቢደውል በማንኛውም ሰዓት የሚያነሳለት ሰው አለ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ያላችሁ ሐበሻ ሐኪሞች ደግሞ፣ በየምርቃቱ መድረክ ላይ ስትጋበዙ የምትናገሩት ስለ ድላችሁ ነው። ዝም ብሎ የሚያጠናው ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማችኋል፤ እናንተ አንድም ቀን ያልወደቃችሁ ይመስለዋል። የወደቃችሁትን ፈተና፣ የደገማችሁትን ዓመት፣ ማንን አማክራችሁ እንደወጣችሁት ንገሩት።