ድምፅ የሌለው ባለቤት

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ የተጓዘ ሁሉ ጫኖን ያውቃታል። በሐሬ ወንዝ መስኖ የለማው የሙዝ ማሳና ወደ አዲስ አበባ የሚተመው የጭነት መኪና መለያዎቿ ናቸው። አብዛኛው ሙዝ ጥሬውን ይጫናል፤ የሚበስለውም፣ ዋጋው ከፍ የሚለውም ከተማ ነው። ለማብሰያ ቤት፣ ለማሸጊያና ለማቀዝቀዣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ገበሬው ራሱ ስለምን አያወጣም?

የተለመደው መልስ «አቅም የለም» የሚል ነው። እኔ ግን የመልሱ ግማሽ በባለቤትነት ሥርዓቱ ውስጥ ተደብቋል እላለሁ። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ባለጸጋው ድሃውን በገንዘቡ አይረታውም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የአባሉ ዕጣ እንደ ኩባንያ አክሲዮን በገበያ ዋጋው አያድግም፤ አባሉ ሲለቅ የሚመለስለት ያዋጣው ነው። ታዲያ ከ10 ዓመት በኋላ ፍሬ ለሚያፈራ ሥራ የዘንድሮ ትርፉን ለምን ይተው? ድምፅ አለው፣ ከዕድገቱ ግን ድርሻ የለውም።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም አየን። መንግሥት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኩባንያውን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ ከጠቅላላው ድርሻ 1 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የገዙት ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ይጠብቃሉ፤ በድምፅ ግን አንዳች ውሳኔ ሊያስቀይሩ አይችሉም። ሁሉም አክሲዮን ቢሸጥ እንኳ 10 በመቶ 90ን አይረታም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንዲሉ፣ ጠያቂ የሌለው ሥራ አመራር የሚፈራው አይኖርም።

«ኩባንያው አትራፊ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ አትራፊ ነው። ሆኖም ለረጅም ዘመን ብቸኛ ሻጭ ሆኖ የቆየ ድርጅት ትርፍ የፈጠራ ምስክር አይደለም። ኬንያውያን በ1999 ዓ.ም. በኤም-ፔሳ ገንዘብ መላላክ ሲጀምሩ፣ የእኛው ድርጅት ቴሌብርን ያቀረበው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት ፈቃድ ባገኘበት በዚያው ወር! ሕጉም መዘግየቱን አልክድም። ነገር ግን ሕግ አውጪውም፣ ባለቤቱም፣ የትርፉ ተቀባይም ያው መንግሥት ሲሆን ሕጉን ማን ያፋጥነው?

ስለዚህ የክርክራችን መነሻ «የግል ይሁን ወይስ የመንግሥት» የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። ለገቢም ለፈጠራም የሚበጀው ባለቤቱ ሒሳቡን ማየት፣ አመራሩን መጠየቅና የዕድገቱን ፍሬ መካፈል ሲችል ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም፣ አነስተኛ ባለአክሲዮኖች ብቻቸውን የሚመርጡት የቦርድ አባል ይኑር። ለማኅበራቱ ደግሞ የዕጣ ዋጋ ከማኅበሩ ሀብት ጋር እንዲያድግና አባላት እርስ በርስ እንዲሸጡት ይፈቀድ፤ የኦዲት ውጤቱም በየዓመቱ በጉባኤ ፊት ይነበብ።

ይህ ካልሆነ የጫኖ ገበሬ በማኅበሩ ድምፅ ብቻ፣ በኩባንያው ወረቀት ብቻ ይዞ ይቀራል። ሙዙም ጥሬውን መጫኑን ይቀጥላል።