ማንም ያልመረጠው ላይንባከር

በአሜሪካ ፉትቦል ላይንባከር ማለት ከፊት መስመሩ ግዙፎች ጀርባ ቆሞ ኳስ የያዘውን የሚጥል ተከላካይ ነው፡፡ በእኛው ኳስ ቢታሰብ የማኬሌሌን ስራ ይመስላል፤ ግጭቱ ግን አይወዳደርም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2002 የኤን.ኤፍ.ኤል ክለቦች በሰባት ዙር የዩኒቨርሲቲ ተጨዋቾችን ሲመርጡ የኬንት ስቴቱን ጄምስ ሃሪሰን የጠራ አልነበረም፡፡ 1 ሜትር ከ83 ነው፤ ለቦታው አጭር ነው ተባለ፡፡ ፒትስበርግ ስቲለርስ ወሰደው፣ አሰናበተው፣ መልሶ ወሰደው፣ ደግሞ አሰናበተው፡፡ ባልቲሞር ሬቨንስም ጀርመን ላለው ራይን ፋየር አውሶት ሲመለስ ሸኘው፡፡ እርግጥ ጥፋቱ የመልማዮቹ ብቻ አልነበረም፡፡ ሃሪሰን ያኔ ጉልበት እንጂ ታክቲኩን በቅጡ አልያዘም ነበር፡፡

በሩን የከፈተለት የሰው ጉዳት ነው፡፡ በ2004 ክላርክ ሃጋንስ ክብደት ሲያነሳ እጁን ሲጎዳ ስቲለርስ ሃሪሰንን ጠራው፡፡ ሃጋንስ ጤነኛ ቢሆንስ ኖሮ? ቋሚ ለመሆንም ጆይ ፖርተር ለቅቆ እስከ 2007 መጠበቅ ነበረበት፡፡ በ2008 ኳርተርባኮችን ኳስ ሳይለቁ 16 ጊዜ ጥሎ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ ሳይመረጥ ሊጉን ተቀላቅሎ ሽልማቱን የወሰደ የመጀመሪያው ተጨዋች ነው፡፡ በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል ላይ የአሪዞናውን ኩርት ዋርነር ኳስ ነጥቆ 100 ያርድ እያለከለከ ሮጦ አስቆጠረ፤ ስቲለርስ 27ለ23 አሸነፈ፡፡ ወዲያው ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስድስት ዓመት ኮንትራት መጣ፡፡

በ2017 መጨረሻ ያው ስቲለርስ በ39 ዓመቱ አንዴ ደግሞ አሰናበተው፡፡ ሃሪሰን ቤቱ አልተቀመጠም፤ በቀናት ውስጥ ለተቀናቃኙ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ፈረመ፡፡